«የልጆች ጊዜ» እና የባሕር ዳር ትዝታ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃውን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው በብራና፣ በደብዳቤና በመዝገብ ውስጥ ነው። ትዝታ ግን የምሽት ጨዋታ ነው እየተባለ ከቁም ነገር ሳይቈጠር ይቀራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለውን የተናቀ ማስረጃ ነው፤ ይኸውም ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን በልጅነታቸው ስለ ተመለከቱት የቴሌቪዥን ዝግጅት ያላቸው ትዝታ ነው። ጥያቄያችን ሁለት ነው፤ የሚናፍቁት በእውነቱ ምንድር ነው? ትዝታውስ የሁሉ ነውን?

አስቀድመን የነገሩን መነሻ እንመልከት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ነው፤ ዕለቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነበር። ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከዋናው ከተማና ከአካባቢው አላለፈም። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር በሌላ አዲስ ነገር ላይ ነበረች። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓ. ም. ተከፍቶ ነበር፤ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫም፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964፣ ማለት ቴሌቪዥን በተጀመረበት በዚያው ዓመት ኃይል መስጠት ጀመረ። እንግዲህ ባሕር ዳር መብራቱን ቀድማ አገኘች፤ ሥዕሉ የደረሰላት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

«የልጆች ጊዜ» የተባለውን ዝግጅት ከቴሌቪዥኑ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1998 ዓ. ም. ድረስ፣ ለአርባ ሁለት ዓመት ያህል የመሩት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ። በ1915 ዓ. ም. በባሌ የተወለዱ፣ ሴቶች ገና ወደ ቲያትር መድረክ ባልወጡበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር የተጫወቱ፣ ወደ ኮርያ የዘመተውን ጦራችንንም እዚያው ሄደው ያዝናኑ ሰው ናቸው። ሕፃናቱ ግን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር፤ የሚያውቋቸው «አባባ ተስፋዬ» በሚለው ስም ብቻ ነው። በ1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በ1983 ዓ. ም. ደግሞ ደርግ ወደቀ። የዜናው ቋንቋ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያለ የሚጠራው ድምፅ ግን ያው ነበረ።

ይህ ድምፅ ስለ ምን እንዲህ ተወደደ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የመሣሪያው አዲስነት ሳይኾን የልማዱ አሮጌነት ነው። በጣና ዳር እንደ ሌላው ያገራችን ክፍል ሁሉ፣ ተረት ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚነገር ነገር ነው። አድማጩም ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ ካልመለሰ ተራኪው ወደ ፊት አይሄድም። አባባ ተስፋዬ ይህንኑ ልማድ ወደ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡት። ልጆቹ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው እንደማይሰማቸው እያወቁ እንኳ ለሰላምታው አጸፋ ይመልሱ እንደ ነበር ታላላቆቻችን እየሣቁ ይነግሩናል። ቶምና ጄሪን የመሰለ የውጭ አገር ካርቱንም አስቋቸዋል፤ ድመትና አይጥ ሲባረሩ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግምና። ነገር ግን ካርቱኑ መልስ አልጠየቃቸውም።

ከዚህም ሌላ፣ ትዝታውን ሲተርኩልን ከተረቱ ይልቅ ስለ ቤቱ የሚናገሩት ይበልጣል። ቴሌቪዥን ያለው በሰፈሩ አንድ ወይም ሁለት ቤት ስለ ነበረ፣ ልጆች ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ ትንንሾቹ ከፊት በወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጐረምሳ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን እያዞረ «መጣ?» ይላል፤ ከውስጥ ያሉት ደግሞ «ተወው! ተወው!» እያሉ ይጮኻሉ። እንግዲህ የሚናፈቀው ዝግጅቱ ብቻ ሳይኾን ጉባኤው ጭምር ነው ለማለት እንደፍራለን።

ነገር ግን የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ሊያቆም አይገባውም። ጉባኤው በር ነበረው። አንዲት አክስታችን ስለ ዝግጅቱ ብንጠይቃት፣ እርሷ የምታስታውሰው መስኮቱን መኾኑን ነገረችን። የቤቱ እመቤት «ቤቱ ሞልቷል» ስትል ከውጭ ቆመው የሚያዩት ልጆች ውስጥ ነበረች፤ መጋረጃው ሲጋረድ የተረቱ መጨረሻ ሳይታወቃት ይቀር ነበር። ቀጥላም «መጨረሻውን እኔ ራሴ እየፈጠርኩ ለታናናሾቼ እነግራቸው ነበር» አለችን። ከመስኮቱም ያልደረሱ ብዙዎች ነበሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባልደረሰበት በሐይቁ ዳርና በገጠሩ ያደጉ የእነዚያ ልጆች እኩዮች «የልጆች ጊዜ» የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰሙ አድገዋል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ልጆች ሁሉ ያደጉበት ዝግጅት» ሲባል፣ «ሽቦው የደረሰላቸውና በሩ የተከፈተላቸው» ብሎ ማረም ይገባል።

የእኛ ትውልድ ደግሞ ሌላ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረባቸው ጋራ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ዝግጅት ጀመሩ። ቀጭኔዋ ፀሐይ በ2000 ዓ. ም. በሙኒክ ከተማ በፕሪ ዠኔስ የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመች። እኛም በአማርኛ የምትናገረንን ይህችን ቀጭኔ ወደድናት። ነገር ግን ወዲያው ሳተላይት በየጣሪያው ተተከለ፤ ዐረብኛ የማናውቀው ልጆች ኤም ቢ ሲ 3ን ስናይ ዋልን። ዛሬም ታናናሾቻችን እያንዳንዳቸው በየስልካቸው የየራሳቸውን ያያሉ። በሩ ሰፋ፤ ጉባኤው ግን ተበተነ። ይህን ስንል የቀድሞውን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ አክስታችን ዛሬ ልጅ ብትኾን በመስኮት አትቆምም ነበርና።

ጉዳዩን የሚያስቸኩለው ሌላ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ቢ ቢ ሲ፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ልጆች ይወዷቸው የነበሩ ብዙ ዝግጅቶችን ቴፑን ለሌላ ሥራ ሲል ደመሰሰ። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው ሊተርፍ የቻለው ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ ቀድተውት ስለ ነበረ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያላኖረውን ልጆች አኖሩት ማለት ነው። በእኛም ዘንድ የጉባኤው ታሪክ ከማንኛውም ቴፕ ላይ አይገኝም፤ ካሜራው አባባ ተስፋዬን እንጂ ወለሉ ላይ የተቀመጡትን አላሳየምና። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ. ም. ዐርፈዋል፤ መጀመሪያ የተመለከቷቸው ልጆችም ዛሬ አረጋውያን ኾነዋል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን ቢያንስ ሦስት ሰዎችን እንጠይቅ፤ በማን ቤት አየህ? የት ተቀመጥህ? ማን እንዳይገባ ተከለከለ? ቴሌቪዥን ያልነበረውንም ሰው በዚያ ሰዓት ምን ይሠራ እንደ ነበር እንጠይቀው። መልሱን ከቀኑና ከስፍራው ጋራ ጽፈን ብናመጣ፣ በውስጥ የተቀመጡትም በመስኮት የቆሙትም በአንድ መዝገብ ላይ ይገናኛሉ።