በሽታው ነበረ ወይስ አለ?

ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራ፣ ድንበር ተሻግሮም ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አንዳንድ ጊዜ ከደመወዙ ጋር ካላዛርን ይዞ ይመለሳል። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

የበሽታውን ተሕዋስ ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉት ሐኪሞች በየበኩላቸው ያስታወቁት በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አስተማማኙ መንገድ ጣፊያን በመርፌ ወግቶ የወጣውን በማይክሮስኮፕ መመልከት ሆነ። የተሕዋሱ ብዛት በደረጃ ስለሚገመት፣ በሽታው በመድኃኒት መሸነፉን መከታተልም ተቻለ። ሆኖም መርፌው ደም ሊያፈስ ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ይሻል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገጠር የሚስማማ የደም ምርመራ ተገኘ። ይህ ግን የሚያሳየው ሰውነት ከበሽታው ጋር መታገሉን እንጂ ትግሉ ዛሬም መቀጠሉን አይደለም፤ የዳነ ሰው ደም ምልክቱን ለዓመታት ይዞ ሊቆይ ይችላልና።

ይህ ችግር በካላዛር ብቻ የተወሰነ አይደለም። አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በሚያጠቃው በመልቲፕል ስክለሮሲስ ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የተሞከረው የማግኔት ምስል (ኤም.አር.አይ.)፣ ኋላ ሕመምተኛው ደኅና ነኝ ባለበት ጊዜ እንኳ አዲስ ቁስል ሊወጣ እንደሚችል አሳየ።

ስለዚህ እኛ መምህራን ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን እናስተምር፦ በሽታው ነበረ ወይ? ዛሬስ ይሠራል ወይ? ተማሪዎቻችንም ቀድሞ የታከመ ወንድማቸው ትኩሳቱ ሲመለስበት፣ «ከዚህ በፊት ታክሜአለሁ» ብሎ ለጤና ሠራተኛው እንዲናገር ይምከሩት። ያ አንድ ቃል ትክክለኛውን ምርመራ ያስመርጣል፤ ሕይወትም ሊያተርፍ ይችላል።