የተማሪው ጥያቄና የገበሬው መልስ፦ ከደጋ ዳሞት እስከ ቡሬ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ በዙሪያቸውም ያለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ከስድሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ደብተር የያዘ ተማሪ በየወቅቱ የተመላለሰባቸው አገሮች ናቸው። ተማሪውን የላከው አንዳንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት ነበር። ገበሬው የሰጠው መልስ የት እንደ ደረሰ መመርመር ግን ጥናትን ለሚያስተምረው መምህርም ሆነ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ለሚያቅደው ባለሙያ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች በስፋት የታወቀው አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በደጋ ዳሞት ያካሄደው ነው። ሆበን የደረሰበት ፍሬ ነገር፣ የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት የሚቆጠር በመሆኑ፣ የአንድ ሰው ይዞታ በክርክርና በድርድር የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን ነው። እንዲህ ባለ አገር መሬትን ለክቶ በአንድ ሰው ስም መመዝገብ የሌሎችን ወራሾች መብት የሚነካ ይሆናል። ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1963 በካሊፎርኒያ ለበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማሟያ ሆኖ በእንግሊዝኛ ቀረበ፤ በመጽሐፍ የታተመው ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

በዚህ መካከል በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ ግማሾቹን አውራጃዎች ባዳረሰ ዐመፅ ገማቾቹን ወደ መሬቱ አላስጠጋም አለ፤ የሚፈራው የግብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ልኬታው ርስቱን ያሳጣኛል ብሎ ጭምር ነበር። መንግሥት ጦር ቢያዘምትም ግብሩን ለማስከፈል አልቻለም፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ለዚህ ሥጋት ማስረጃ የሚሆነው ቃል በራሱ በዳሞት ገበሬ አንደበት ተነግሮ፣ በጥናት ተጽፎ፣ አዋጁ ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በፊት ተጠናቆ ነበር። የተቀመጠው ግን በባሕር ማዶና በባዕድ ቋንቋ ነበር።

በዚያው ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹ አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር እንዲያገለግሉ ደንብ አወጣ፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ በመምህርነት ሠሩ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ በባሕር ዳር ተቋቋመ። ዓላማውም የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችን፣ የጎልማሶች ትምህርትና የኅብረተሰብ ልማት ሠራተኞችን በማፍራት ትምህርት ቤቱን ከገጠሩ ኑሮ ጋር ማስማማት ነበር። በዚህ ዐሳብ መሠረት መምህሩ የሚያስተምርበትን መንደር የሚያውቅና ያወቀውንም ለመንደሩ የሚመልስ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሠማሩ። ሆኖም «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር ከሁሉ ይልቅ ለደቡቡ ጭሰኛ የሚስማማ ነበር፤ የጎጃሙ ባለርስት ግን መሬት አለኝ ባይ ስለ ነበረ አዋጁን በጥርጣሬ ተመለከተው። እዚህ ላይ የታየው ጉድለት መልስ ከጥያቄ ቀድሞ መምጣቱ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቡሬ ወረዳ የሌላ ጥናት ማዕከል ሆነች። በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስፈጻሚነት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገበሬዎችን ምርታማነትና የገበያ ስኬት የማሻሻል ፕሮጀክት በ10 ወረዳዎች ሲሠራ ቡሬ አንዷ ነበረች። ፕሮጀክቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ድጋፍ በመስጠቱ፣ በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ስለ ቡሬ የንብ እርባታና የማር ገበያ፣ ስለ ወተት ላሞች አያያዝና ስለ አበሻ ዶሮ ዝርዝር ጥናቶች ተጻፉ። ስለ ቀፎ፣ ስለ ቅቤ ገበያ፣ ዶሮን ስለሚፈጀው ፈንግል የጠየቁት ተማሪዎች መልስ የሰጧቸው በቤታቸው ደጃፍ የተገኙ ገበሬዎች፣ በተለይም ዶሮውንና ወተቱን የሚይዙት እናቶች ናቸው። ፕሮጀክቱ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዕውቀት ማዕከላትን ማቋቋሙ ከቀደመው ዘመን የተሻለ ርምጃ ነው። ይሁንና ጥናቶቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ማዕከላቱም የታሰቡት በቅድሚያ ለግብርና ባለሙያው እንጂ ለትምህርት ቤቱ አልነበረም።

እንግዲህ ከደጋ ዳሞት እስከ ቡሬ ያለው ታሪክ የሚያስረዳው የጥናት እጥረት አለመኖሩን፣ የጎደለው መልሱን ወደ ተጠያቂው የሚያደርስ መንገድ መሆኑን ነው። ይህም ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። ተማሪ ወደ ገጠር ሲሠማራ የጥናቱን ፍሬ ነገር በጥቂት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለቀበሌውና በአቅራቢያው ላለው ትምህርት ቤት እንዲያስረክብ ቢደነገግ፣ ጥናቱን የሚደግፈው ድርጅትም ይህን በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ በፍኖተ ሰላም የሚሠለጥነው እጩ መምህር ስለ ራሱ አገር የተጻፈውን በክፍል ውስጥ ሊያስተምርበት ይችላል። ገበሬውም ቃሉ ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. ገማቹን የመለሰ አገር የሚጠይቀውን ሰው ማንነት አጥብቆ ቢመረምር የሚያስወቅሰው አይደለም፤ አመኔታውን የሚያተርፈውም መልሱን ይዞ የሚመለስ ተማሪ ብቻ ነው።