የ1908ቱ የቤዝቦል ሲዝን፦ በአንድ ጨዋታ ልዩነት ያለቀ ሊግ እና ጥፋቱ ሁሉ የተጫነበት የ19 ዓመት ልጅ

በ2012 ማንችስተር ሲቲ በመጨረሻው ቀን፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ በአጉዌሮ ጎል ዋንጫውን ከዩናይትድ እጅ ሲነጥቅ አብዛኞቻችን አይተናል፤ ያላየም በዩቲዩብ ደጋግሞታል። ሁለቱም 89 ነጥብ ይዘው በጎል ክፍያ ብቻ ተለያዩ።

አሁን ይህን አስቡት። በአንድ ዓመት ሁለት ሊጎች፣ በየሊጉ ሦስት ሦስት ቡድኖች እስከ መጨረሻው ሳምንት አንገት ለአንገት ተናንቀው፣ አንደኛው ሊግ በአንድ ጨዋታ ልዩነት፣ ሌላኛው ደግሞ በግማሽ ጨዋታ ቢያልቅስ? ይህ በአሜሪካ ቤዝቦል በፈረንጆቹ 1908 በእውነት ሆኗል። ቤዝቦልን ጨርሶ ለማታውቁትም እንዲገባችሁ አድርገን ከመጀመሪያው እንጀምር።

👉 ጨዋታው ባጭሩ

ሁለት ቡድን፣ በእያንዳንዱ ወገን 9 ተጫዋች፣ 9 ዙር አለ። በየዙሩ አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታና ይሮጣል። ሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ዞሮ የተነሳበት የደረሰ ሯጭ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። የሚመታው ቡድን ሦስት ሰው ከተቃጠለበት፣ በእነሱ ቋንቋ ሦስት አውት ከሆነበት፣ ተራው ያልፋል።

አንድ ሕግ ግን በደንብ ያዙልን፤ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። አንደኛ ቤዝ ላይ የቆመ ሯጭ ካለና ከኋላው መቺው መትቶ ወደ አንደኛ ከሮጠ፣ የፊተኛው ሯጭ የግድ ወደ ሁለተኛ መሄድ አለበት፤ አንድ ቤዝ ላይ ሁለት ሰው አይቆምማ። ተከላካይ ኳሷን ይዞ ሁለተኛ ቤዝን ቀድሞት ከነካ ሯጩ ተቃጠለ። ያ ሦስተኛው አውት ከሆነ ደግሞ በዚያው ምት ሌላ ሰው ያስገባው ነጥብ አይቆጠርም።

👉 ሊጉ እንዴት ነበር?

ያኔ 16 ቡድኖች ነበሩ፤ 8 በናሽናል ሊግ፣ 8 በአሜሪካን ሊግ። እያንዳንዱ ቡድን ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር 154 ጨዋታ ይጠበቅበታል። እንደ ዛሬው ረጅም የማጣሪያ ዙር የለም፤ ከስምንቱ አንደኛ የወጣ "ፔናንት" ይወስዳል። ፔናንት ማለት የሊጉ አሸናፊ የሚሰቅላት ባንዲራ ናት። ሁለቱ የሊግ አሸናፊዎች ደግሞ በወርልድ ሲሪስ ይገናኛሉ። ሁለተኛ የወጣ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። በ1908 በእነዚህ ሁለት ሊጎች አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ግን ሁሉም የሚያከብረው ክልከላ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን ያንን በር የከፈተው በ1947 ነው። ስለዚህ "የዘመኑ ምርጦች" ስንል ምርጫው ለሁሉም ክፍት እንዳልነበር ይታወቅልን።

👉 አሜሪካን ሊግ፦ ዝናብ የወሰነው ዋንጫ

ተፎካካሪዎቹ ዲትሮይት ታይገርስ፣ ክሊቭላንድ ናፕስ እና ቺካጎ ዋይት ሶክስ ነበሩ። የዲትሮይት ኮከብ ያኔ ገና 21 ዓመቱ የነበረው ታይ ኮብ ነው። ዋይት ሶክስ ደግሞ ኤድ ዋልሽ የሚባል ወርዋሪ ነበራቸው፤ በዚያ ሲዝን ብቻውን 40 ጨዋታ አሸንፏል። አዎ፣ አርባ! ዛሬ አንድ ወርዋሪ 20 ካሸነፈ ዜና ነው።

ኦክቶበር 2 ዋልሽ ክሊቭላንድ ላይ ከአዲ ጆስ ጋር ተፋጠጠ። ዋልሽ 15 መቺ አቃጠለ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ድሉ የእሱ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጆስ በዚያው ቀን የገጠመውን መቺ ሁሉ፣ 27ቱንም በተከታታይ፣ አንድ ሰው እንኳ አንደኛ ቤዝ ሳያስደርስ አስወጣ። ይህ "ፍጹም ጨዋታ" ይባላል፤ በቤዝቦል ታሪክ በጣት የሚቆጠር ነው። ክሊቭላንድ 1 ለ 0 አሸነፈ።

ኦክቶበር 6፣ የመጨረሻው ቀን፣ ዲትሮይት ቺካጎ ሄዶ ከዋይት ሶክስ ጋር ተጫወተ። ዋይት ሶክስ ቢያሸንፉ ዋንጫው የእነሱ ነበር። ዲትሮይት ግን 7 ለ 0 ረመረማቸው።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦
▪️ ዲትሮይት፦ 90 ድል፣ 63 ሽንፈት
▪️ ክሊቭላንድ፦ 90 ድል፣ 64 ሽንፈት
▪️ ዋይት ሶክስ፦ 88 ድል፣ 64 ሽንፈት

ልብ አላችሁ? ዲትሮይትና ክሊቭላንድ በድል እኩል ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ዲትሮይት በዝናብ የተሰረዘበትን አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ስለቀረ ነው። ያንን ተጫውቶ ቢሸነፍ ኖሮ እኩል ይሆኑ ነበር። የዚያን ጊዜ ደንብ ግን አያስገድድም ነበር። ከዚያ በኋላ ዋንጫ የሚወስን ጨዋታ ከተሰረዘ መካካስ አለበት ተብሎ ደንቡ ተቀየረ። ለክሊቭላንድ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

👉 ናሽናል ሊግ፦ ሴፕቴምበር 4 የተሰጠው ማስጠንቀቂያ

እዚህ ደግሞ ቺካጎ ካብስ፣ ኒውዮርክ ጃያንትስ እና ፒትስበርግ ፓይሬትስ ተያይዘዋል። (አዎ፣ ቺካጎ ሁለት ቡድን አላት፤ ጊዮርጊስና ቡና በአዲስ አበባ እንደሚሉት።)

ሴፕቴምበር 4 ካብስ ፒትስበርግ ላይ እየተጫወቱ ነው፤ 0 ለ 0 ሆኖ 10ኛ ዙር ገብቷል። የፒትስበርጉ መቺ መታ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ገባ፣ ጨዋታው አለቀ ተባለ። አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው ዋረን ጊል ግን ሁለተኛን ሳይነካ ወደ መልበሻ ክፍል ዞረ። የካብሱ ጆኒ ኤቨርስ ኳሷን አስመጥቶ ሁለተኛ ቤዝን ነካና "ተቃጥሏል!" ብሎ ጮኸ። ዳኛው ሃንክ ኦዴይ ብቻውን ነበር፤ አላየሁም አለ። ፒትስበርግ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ የካብስ አቤቱታም ውድቅ ሆነ።

እዚህ ጋ ማወቅ ያለባችሁ፣ ጊል ያደረገው ያን ጊዜ ሁሉም የሚያደርገውን ነው። ሕጉ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ግን የድል ነጥብ ከገባ በኋላ ማንም አይተገብረውም ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ተመልካቹ ሜዳውን አቋርጦ ስለሚወጣ ተጫዋቾች ከግርግሩ ለማምለጥ ይሮጡ ነበር።

👉 ሴፕቴምበር 23፦ የመርክል ቀን

ከ19 ቀን በኋላ ካብስ ኒውዮርክ፣ ፖሎ ግራውንድስ ላይ ናቸው። የጃያንትስ መደበኛ የአንደኛ ቤዝ ተጫዋች ፍሬድ ቴኒ ወገቡን አመመው። በቦታው የ19 ዓመቱ ፍሬድ መርክል ገባ። በዚያ ሲዝን ከመጀመሪያው ሲሰለፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ውጤቱ 1 ለ 1። ዘጠነኛው ዙር፣ ጃያንትስ እየመቱ ነው፣ ሁለት ሰው ተቃጥሏል። ሙስ ማክኮርሚክ አንደኛ ቤዝ ላይ አለ። መርክል መጣና መታ! ማክኮርሚክ ሦስተኛ ደረሰ፣ መርክል አንደኛ ላይ ቆመ። ቀጥሎ አል ብሪድዌል ወደ መሃል ሜዳ መታት፤ ማክኮርሚክ ገባ። 2 ለ 1! ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው።

መርክል ሕዝቡ ሲጎርፍ አየ። ሁለተኛ ቤዝ ሳይደርስ ዞሮ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሮጠ።

ኤቨርስ ግን ሴፕቴምበር 4ን አልረሳም። ኳሷን አምጡ ብሎ ጮኸ። የጃያንትሱ ጆ ማክጊኒቲ ነገሩ ገባውና ኳሷን ነጥቆ ወደ ተመልካቹ ወረወራት ይባላል። ኤቨርስ በመጨረሻ አንድ ኳስ ይዞ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆመ። ያች ኳስ ትክክለኛዋ ትሁን ሌላ እስካሁን ያከራክራል። ዳኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሃንክ ኦዴይ! በዚህ ጊዜ ግን አይቷል፤ መርክል ተቃጥሏል፣ ነጥቡም አይቆጠርም አለ። ሜዳው በሺዎች ተጥለቅልቋል፣ እየመሸም ነው፤ ጨዋታው መቀጠል አልቻለም። 1 ለ 1 አቻ ተባለ።

የሊጉ ፕሬዝዳንት ሃሪ ፑሊያም ውሳኔውን አጸደቀ፤ የሊጉ ቦርድም ካስፈለገ በሲዝኑ መጨረሻ ይደገም አለ።

👉 ኦክቶበር 8፦ ያስፈለገበት ቀን

ጃያንትስ ከዚያ ቀን በኋላም ዋንጫውን የሚወስዱበት ብዙ ዕድል ነበራቸው። ግን ሃሪ ኮቨለስኪ የሚባል የፊላደልፊያ ወጣት ወርዋሪ በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አሸነፋቸው። ሦስት ጊዜ! ከሦስቱ አንዱን ቢያሸንፉ ኖሮ መርክልን ዛሬ ማንም አያነሳውም ነበር።

ኦክቶበር 4 ፓይሬትስ ቺካጎ ሄዱ። ቢያሸንፉ ዋንጫው በቀጥታ የእነሱ ነበር፤ ካብስ 5 ለ 2 አሸነፉና ከውድድር አስወጧቸው። ጃያንትስ ደግሞ ቀሪ ሦስት ጨዋታቸውን ከቦስተን ጋር ሁሉንም አሸነፉ። ካብስ 98 ለ 55፣ ጃያንትስ 98 ለ 55። እኩል! የመርክል ጨዋታ መደገም አለበት።

ኦክቶበር 8 ፖሎ ግራውንድስ ሞልቶ በሩ ተዘጋ። ትኬት ያጣው ሕዝብ ከሜዳው በላይ ያለው ገደል ላይ ወጣ፣ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሬዲዮ ገና የለም፤ ውጤቱ በቴሌግራፍ እየተላከ በጋዜጣ ቢሮዎች ደጃፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ሰዉ መንገድ ዘግቶ ያነባል። የዛሬው ቴሌግራማችን አያት በሉት።

ለጃያንትስ የሚወረውረው በዚያ ዓመት 37 ጨዋታ ያሸነፈው ክሪስቲ ማቲውሰን ነው። የካብስ ወርዋሪ በመጀመሪያው ዙር ሲንገዳገድ ሞርዴካይ ብራውን ተተካ። ብራውን በልጅነቱ ቀኝ እጁ በእርሻ ማሽን ተጎድቶ "ባለ ሦስት ጣቱ" የሚባል ሰው ነው፤ ያ የተጣመመ እጁ ኳሷን ለየት አድርጎ ያጎብጥለት ነበር። ካብስ 4 ለ 2 አሸነፉ።

▪️ ካብስ፦ 99 ድል፣ 55 ሽንፈት
▪️ ጃያንትስ፦ 98 ድል፣ 56 ሽንፈት
▪️ ፓይሬትስ፦ 98 ድል፣ 56 ሽንፈት

👉 ከዚያስ?

ካብስ ዲትሮይትን 4 ለ 1 አሸንፈው ወርልድ ሲሪሱን ወሰዱ። የመጨረሻው ጨዋታ ላይ የተገኘው ተመልካች 6,210 ብቻ ነበር፤ በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ትንሹ ቁጥር። ካብስ ቀጣዩን ዋንጫ ያገኙት መቼ ይመስላችኋል? በ2016! 108 ዓመት ጠበቁ።

ፑሊያም ብዙ ጫና ውስጥ ገብቶ በ1909 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ምክንያቱ ይህ ውሳኔ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የወረደበት ውግዘት ግን ቀላል አልነበረም።

መርክልስ? ጋዜጦቹ "ቦንሄድ" አሉት፤ ደነዝ እንደ ማለት ነው። አሰልጣኙ ጆን ማክግሮ ግን አልጣለውም። "ጥፋቱ የእሱ አይደለም" ብሎ ቆመለት፣ በቡድኑም አቆየው። መርክል ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋናው ሊግ ተጫውቷል፤ አምስት ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ደርሷል፣ አምስቱንም ጊዜ ቡድኑ ተሸንፏል። ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ ከቤዝቦል ርቆ ኖረ። በ1950 የጃያንትስ የቀድሞ ተጫዋቾች ቀን ላይ ብቅ ሲል ሕዝቡ አጨበጨበለት። በ1956 ሞተ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከዚያች ቅጽል ጋር ይነሳል።

👉 ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

እስቲ እንደገና እንቁጠር። ሁሉም የሚጥሰውን ሕግ ልጁም ጣሰ። ከ19 ቀን በፊት ያው ነገር ሲሆን "አላየሁም" ተብሎ ታለፈ። ማስጠንቀቂያው በአደባባይ ስለተሰጠ የጃያንትስ ትልልቆች ለልጁ መንገር ይችሉ ነበር። ያን ቀን እሱ ባይመታ ማክኮርሚክ ሦስተኛ ቤዝ አይደርስም ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በአንድ ወርዋሪ ሦስቴ ተሸነፈ። ኦክቶበር 8ም ማቲውሰን የሚያህል ሰው ቆሞላቸው ተሸነፉ።

154 ጨዋታ የተሸከመው ሲዝን ግን በአንድ የ19 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ተራገፈ፤ ለመናገር የሚቀለው እሱ ስለነበር። ዛሬም አንድ ተጫዋች ፔናሊቲ ሲስት ስልካችንን አንስተን ሚም የምንለጥፈው በዚሁ ሒሳብ ነው። የሚቀጥለው ጊዜ "በእሱ ምክንያት ተሸነፍን" ከማለታችን በፊት ሰንጠረዡን ወደ ላይ ገፋ አድርገን፣ እስከዚያ ቀን የተጣሉትን ነጥቦች ሁሉ እንይ።

ቤተሰቦች፣ እናንተ ብትሆኑ ውሳኔውን እንደ ኦዴይ ትሰጡ ነበር ወይስ ዝም ብላችሁ ታልፉ ነበር? ሐሳባችሁን ጻፉልን።