ደብተሩን ማን ይጠብቀው?

በ1999 ዓ.ም. ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት አዘወትር ነበር። አንድ ቀን ስገባ ባለቤቱ ደብተርና እስክሪብቶ አቀረበልኝ።

«ስምህንና አድራሻህን ጻፍ።»

«ምነው፣ ዕቁብ ጀመራችሁ እንዴ?»

«ኧረ ወንድሜ፣ መመሪያ ነው!»

እውነቱን ነበር። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ኢንተርኔት ቤቶች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ አዝዟል። የድሮ ሰዎች «ጆሮ ጠቢ» የሚሉት ሥራ ለባለ ሱቁ ተሰጠው ማለት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ያገላብጠዋል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ተማሪ እዚያ ላይ በጻፈችው ስልክ የማታውቀው ጎረምሳ እየደወለ መግቢያ መውጫ አሳጣት። ባለቤቱ ምን ያድርግ? መዝግብ አሉት እንጂ እንዴት እንደሚጠብቀው የነገረው የለም።

ደብተሩ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም መልእክት ከየት ተነሥቶ፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ የሚያሳየውን መረጃ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ደነገገ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝም እንዳይገለጥ አለ። ሌባ ለመያዝ ይጠቅማል፤ አልክድም። ግን ልብ በሉ፤ «ቢያንስ» ይላል እንጂ «ቢበዛ» አይልም። ጎተራው በሞላ ቁጥር ደግሞ አይጡ ይበዛል።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ የጣሊያኑን ሀኪንግ ቲም ያስታውስ። ኩባንያው ለመንግሥታት የስለላ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር፤ የእኛው ኢንሳም ደንበኛው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ራሱ ተሰበረ። 400 ጊጋባይት የሚያህል ሰነዱ ተበተነ፤ ከኢንሳ ጋር የተጻጻፈውም አደባባይ ወጣ። የባሰው ሌላ ነው፦ ለስለላ ብሎ ደብቆ የያዛቸው የአዶቤ ፍላሽ ክፍተቶች በቀናት ውስጥ ተራ ሌቦች እጅ ገቡ። ያኔ ፍላሽ ያልተጫነበት የኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር የት ነበር? ለመንግሥት ተብሎ የተተወው ቀዳዳ ለሌባውም በር ሆነ። ውኃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?

ዛሬ በጎሮው አይሲቲ ፓርክ የግል ዳታ ሴንተሮች ቆመዋል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መውጣቱም መልካም ነው። እኔ የምለው አጭር ነው፦ «መዝግብ» የሚል ሕግ ሁሉ «እንዲህ አድርገህ ጠብቅ፣ ቀኑ ሲደርስ አጥፋ» ይበል። የዚያች ተማሪ ስልክ አንድ ደብተር ላይ ነበር፤ የእኛ ግን ስንት ቦታ እንዳለ ማን ቆጥሮት?