‹ባለተዋጽኦ ቢሮክራሲ›

ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር የኖረ ሐበሻ ‹ተምዪዝ ኢጃቢ› የሚለውን ሐረግ ከዜና ሳይሰማው አይቀርም። ቃል በቃል ‹በጎ አድልዎ› ነው፤ ለተገፉ ወገኖች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቦታ መያዝ። ከኋላው ያለው ሐሳብ ግን ሪፕረዘንታቲቭ ቢሮክራሲ ይባላል። ዶናልድ ኪንግስሊ በ1944 ስለ እንግሊዝ ሲቪል ሰርቪስ ለጻፈው መጽሐፍ የሰጠው ርእስ ነው። (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቆጥሬዋለሁ።)

በአማርኛ ምን እንበለው? ‹ወካይ ቢሮክራሲ› ቢባል ያስኬዳል፤ እኔ ግን አልወደውም። ውክልና ሲባል ትዝ የሚለኝ ውልና ማስረጃ ተሰልፎ የሰው ቤት ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የወንዙ ልጆች ነገረ ፈጅ አይደለም፤ መስኮቱ ላይ የቆመውን ሁሉ ያስተናግዳል። የሚሻለው ተዋጽኦ ነው፤ ሱቅ ገብተን ‹የወተት ተዋጽኦ› የምንለው ያው ቃል። ሥሩ ‹ወጣ› ነው። አይቡም ቅቤውም ከወተቱ እንደሚወጣ፣ ሠራተኛውም ከመላው ሕዝብ ይውጣ ማለት ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 87 ስለ መከላከያ ሠራዊት ሲደነግግ ‹ሚዛናዊ ተዋጽኦ› ይላል። ስለዚህ ‹ባለተዋጽኦ ቢሮክራሲ› ብዬዋለሁ።

ተዋጽኦ ሲጓደል ምን እንደሚመስል ሱዳን አሳይታለች። እንግሊዞች ሊወጡ ሲሉ፣ በ1954፣ ወደ 800 የሚጠጋ የሥራ ቦታ ለሱዳናውያን ተደለደለ። ለደቡቦች የደረሳቸው 6 ነው፤ 4 የረዳት አውራጃ አስተዳዳሪነት፣ 2 ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለው የማሙርነት ሹመት። ደልዳዮቹ ልምድንና የትምህርት ደረጃን ነው የመዘንነው ባዮች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ማን ደጃፍ ተሠርቶ ነበርና! በነሐሴ 1955 ቶሪት ላይ የደቡብ ወታደሮች አመፁ። መንሥኤው ይህ ብቻ ባይሆንም፣ ቅሬታው ቀድሞ ነበረ።

ደቡብን ከካርቱም መንግሥት ጋር ካዋጋው ጦርነት በኋላ በ2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት፣ ከመካከለኛና ከከፍተኛ እርከን ቦታዎች 20 በመቶው በሦስት ዓመት፣ 25 በመቶው በአምስት ዓመት ብቃት ላላቸው ደቡቦች እንዲሰጥ አዘዘ። ቁም ነገሩ ያለው ‹መካከለኛና ከፍተኛ› የሚለው ላይ ነው፤ ጥበቃና ተላላኪ ተደምሮ ‹ሞልቷል› እንዳይባል። ቁጥሩ ግን ሳይሞላ ደቡብ በሐምሌ 2011 ተገነጠለ።

እናንተም የመሥሪያ ቤታችሁ ሪፖርት ‹ተዋጽኦ ተጠብቋል› ካለ፣ በየትኛው የደመወዝ እርከን ላይ እንደሆነ ጠይቁ።