ከሕመሙ ይልቅ የሚያጎብጠው ቀንበር፦ የአእምሮ ሕመምና ራስን ማግለል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። በጉባኤያችን መካከል የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ወገን ተነሥቶ «ጸልዩልኝ» ይላል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ዝም የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ራስን ማግለል ምን ማለት ነው?

መገለል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ሰዎች «እብድ» ወይም «ንክ» ብለው ሲጠሩ፣ ለሥራም ሆነ ለትዳር አይሆንም ሲሉ ማለት ነው። ሁለተኛው ሕመምተኛው ራሱ ይህን አባባል አምኖ ሲቀበልና «እውነትም እኔ ዋጋ የለኝም» ሲል ነው። ባለሙያዎች ይህን ውስጣዊ መገለል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኒፈር ሪቸርና ባልደረቦቿ ይህን ለመለካት 29 ጥያቄዎች አዘጋጅተዋል። ጥያቄዎቹ የባይተዋርነት ስሜትን፣ ሰው የሚለውን አምኖ መቀበልን፣ የደረሰ አድልዎን፣ ከሰው መሸሽንና መገለልን የመቋቋም ጉልበትን ይመለከታሉ።

በአገራችን ምን ታየ?

በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል 212 የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከመቶ 46.7 የሚሆኑት መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ ውስጣዊ መገለል ነበረባቸው። በገጠር ነዋሪዎች ላይ ስሜቱ በርትቶ ታይቷል። ሕክምናቸውን ካቋረጡት መካከል ግማሽ የሚጠጉት ምክንያታቸው መገለል መሆኑን ተናግረዋል።

ሸክሙ ለቤተሰብም ይተርፋል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የቡታጅራ ጥናት 178 የሕመምተኛ ዘመዶችን ጠይቆ ነበር፤ ሦስት አራተኛው መገለል እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። ብዙዎቹም ችግሩን የሚወጡበት መንገድ ጸሎት መሆኑን ተናግረዋል።

ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን

ይህን ወደ ሰሜን ሸዋ እናምጣው። ከጎረቤላ ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖር አንድ ገበሬ ለክትትል ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተላከ እንበል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመኪና ሒሳብና የሥራ ቀን ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን «የመንደሬ ሰው ቢያየኝስ?» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን ያሳልፋል፣ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ሕመሙ ሲያገረሽ ጎረቤት «ድሮም አይድንም» ይላል፤ እርሱም ያምናል። እንዲህ እያለ ዕድር፣ ደቦና የአምልኮ ኅብረት አንድ በአንድ ይቀሩበታል።

በአካባቢው ብዙዎች አስቀድመው ወደ ጠበል፣ ወንጌላውያን ምእመናን ደግሞ ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። መጸለይ መልካም ነው። ችግር የሚፈጠረው «ካመንክ መድኃኒቱን ተው» ሲባል ወይም ሕመሙ ሁሉ የኃጢአትና የአጋንንት ውጤት ነው ተብሎ ሲፈረድ ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታማሚው በሕመሙ ላይ «እምነቴ ጎድሎ ነው» የሚል ሌላ ክስ ይጨመርበታል።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሆኖ ሞቱን በለመነ ጊዜ (1ነገ. 19) እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም። መልአኩ ዳሰሰው፤ አብልቶና አጠጥቶ ዳግመኛ እንዲተኛ ተወው፤ ከዚያም ለረጅሙ መንገድ አዘጋጀው። እኛም እንዲህ ብናደርግ ብዙ ሸክም ይቀላል፦

• «እብድ» የሚለውን ቃል ከስብከታችንም ከቀልዳችንም እናውጣ።
• እየጸለይን መድኃኒቱን እንዲቀጥል እናበርታው፤ ለመለወጥ ወይም ለማቆም ሐኪሙን እንዲያማክር እንምከረው።
• ሲፈቅድ በቀጠሮው ቀን አብረነው እንሂድ።
• የነገረንን ምሥጢር እንጠብቅ፤ ያለ ፈቃዱ ለጸሎት ርዕስ እንኳ አናውጣው።
• ሲሻለው እንደ ቀድሞው የአገልግሎት ድርሻውን እንስጠው።
• ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ብቻውን አንተወው፤ ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እናድርሰው።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ራስህ ታምመህ ይሆናል። ሕመምህ ስምህ አይደለም። ለምታምነው ለአንድ ሰው ዛሬ ንገረው፤ የተገለጠ ሕመም መድኃኒት ወደሚገኝበት መንገድ ገብቷልና።