ልካችን በማን ክንድ?

መተማ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ጊዜ። መተማ ግን ከጦር ሜዳነቷ በፊትም ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቅ ይመጣል። ጨርቅ ደግሞ ሳይለካ አይሸጥም። በምን ይለካ? በክንድ!

ክንድ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው። ከሱ በታች ስንዝር አለ፣ ጋት አለ፣ ጣት አለ። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ነጋዴም «ዲራዕ» ይላል፤ በዐረብኛ ያው ክንድ ማለት ነው። ሁለቱ በቋንቋ ባይግባቡ በእጅ ይግባባሉ ማለት ነው! ቤት የማይረሳ፣ የማይሰበር መለኪያ። ችግሩ አንድ ነው፦ የማን ክንድ? የአጭር ሰው አሥር ክንድና የረጅም ሰው አሥር ክንድ እኩል አይደሉም። ሻጭ ባጭሩ ክንድ፣ ገዢ በረጅሙ ይለካ ቢሉ ማን ይፈርዳል?

ለጋቢና ለኩታ ይህ ብዙም አያስጨንቅም፤ ተደራቢ ናቸው። እጀ ጠባብ ላይ ግን ነገር ይለወጣል። ስሙ ራሱ ልኬት ነው። ለአንዱ ልክ የሆነው ለሌላው አይገባም። ስለዚህ የሚለካው ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ለባሹ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. 17 አገሮች ፓሪስ ላይ የሜትር ስምምነትን ፈረሙ። ዛሬ ልብስ ሰፊዎቻችን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት የ150 ሳንቲ ሜትር ከዚያው ቤት ናት። የማንም ክንድ አይደለችም። ጥሩነቷም እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ሜትር መያዝ ብቻውን ልክ አያመጣም። ትከሻ ከአጥንት እስከ አጥንት፣ ደረት በሰፊው ቦታ፣ እጅጌ ክርን ትንሽ ታጥፎ ይለካል። ሆድ ሳይሸበሸብ (አዎ፣ እናንተን ነው!)። ከዚያ የአየሩ ድርሻ አለ። ከመተማ በስተደቡብ ያለችው ሽንፋ ቆላ ናት፤ እዚያ ልብስ ከገላ ጋር ከተጣበቀ መከራ ነው። ጀለቢያ ሰፋ የሚለው ሰፊው መለካት አቅቶት ሳይሆን ነፋስ እንዲገባበት ነው። ጥሩ ሰፊ ገላን ይለካል፣ ለሙቀቱም ትርፍ ይተዋል።

አሁን ግን ብዙዎቻችን የምንለብሰው ሳንለካ ነው። «ሚዲየም ነኝ» እንላለን። የማን ሚዲየም? እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶች ተለክተው ነበር። የነጮቹ ልኬት ተወሰደ፤ የሌሎቹ ተለክቶ ተጣለ። በ1958 የወጣው የአሜሪካ የሴቶች ልብስ ቁጥር መነሻው ይኸው ጥናት ነው። የገበያው የክንድ ጥያቄ ሱቅ ገብቶ ጠበቀን ማለት ነው።

በአማርኛ «ልክ» መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው። ቀሚሱ አልገባ ሲለን የምንወቅሰው ገላችንን ነው፤ ቀሚሱ በማን ገላ እንደተቆረጠ ግን አንጠይቅም። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ አሥር ደቂቃ ቢወስድብን ነው። እስቲ ንገሩን፦ እናንተ ልካችሁን ታውቃላችሁ?